የአሮጌ ትራክተርን ኀይል አስተላላፊ ክፍል ስለ ማደስ፤ በሥራው የሚያጋጥሙ እንቅፋቶችና ያልታሰቡ ነገሮች

ተበላሽቶ የቆመ አሮጌ ትራክተር በግቢው ያለው አስተዳዳሪ ወይም ባለ እርሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ይኸውም ይህን መኪና ማሳደስ ይሻላልን፤ ወይስ ለብረት ገዥ መሸጥ ይሻላል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው መልስ የሚሰጠው ሞተሩን ብቻ ተመልክቶ ነው። ሞተሩ ከተነሣ መኪናው ደኅና ነው ይላል፤ ካልተነሣም ሞቷል ይላል። ነገር ግን ገንዘቡን የሚበላው፤ የእርሻውንም ወራት የሚያሳልፈው፤ ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ በብረት ሽፋን ውስጥ ተሰውሮ ያለው ክፍል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ገንዘብ ከመፍቀዳቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንገልጻለን።

ኀይል አስተላላፊ የምንለው አራት ነገሮችን ነው። መጀመሪያው ፍሪሲዮን ነው፤ ይህም የሞተሩን ኀይል ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚለይ ነው። ሁለተኛው ካምቢዮ ነው፤ በውስጡም ያሉት ማርሾች ፍጥነትን በጉልበት፤ ጉልበትንም በፍጥነት ይለውጣሉ። ሦስተኛው ዲፈረንሻል ነው፤ ይህም ኀይሉን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎማ አካፍሎ ይሰጣል። አራተኛው በስተ ኋላ ወጥቶ የሣር ማጨጃንና ሌላውን መሣሪያ የሚያዞረው የኀይል ዘንግ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገባ፤ በዓለም ሁሉ የታወቀውን ግራጫውን ፈርጉሰን ቲ ኢ 20 እንውሰድ። ይህን ትራክተር ያቀደው በ1884 በአየርላንድ የተወለደው ሃሪ ፈርጉሰን ሲሆን፤ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 እስከ 1956 ድረስ ተሠርቷል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የተሠራውም ቍጥር ከ500,000 በላይ ነው። ጥንካሬው የተመሰከረለት ከመሆኑ የተነሣ፤ ኤድመንድ ሂላሪ በእነዚህ ትራክተሮች የበረዶውን ምድር ተሻግሮ በ1958 በጥር ወር የደቡብ ዋልታ ደርሷል። ዛሬም ብዙ ሰዎች ያድሱታል፤ መለዋወጫውም ይገኛል። ስለዚህ በማደስ ሥራ የሚያጋጥመውን ለማስተማር የሚመች ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ትራክተሮችም በዚሁ ዐይነት የተሠሩ ናቸው።

1ኛ፤ መኪናው አጥንት የለውም። መጀመሪያ የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። የጭነት መኪና ሞተሩና ካምቢዮው የሚቀመጡበት ረጅም የብረት አልጋ አለው፤ ይህ ትራክተር ግን የለውም። ሞተሩ ከካምቢዮው ሽፋን፤ የካምቢዮው ሽፋንም ከኋላው ሽፋን ጋር በቡሎን ተያይዘው ራሳቸው የመኪናው አጥንት ሆነዋል። ከዚህ የተነሣ አንድ የፍሪሲዮን ዲስክ ለመለወጥ ትራክተሩን ከመካከሉ ለሁለት መክፈል ግድ ይሆናል። የዲስኩ ዋጋ ጥቂት ሆኖ ሳለ የሥራው ዋጋ ብዙ የሚሆነው ስለዚህ ነው። እዚህ ላይ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር አለ። የፊተኛው ዘንግ በመካከሉ ባለ አንድ ካስማ ላይ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ስለ ሆነ፤ መኪናው ሲከፈል ሞተሩ ወደ ጎን ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ በዘንጉና በተሸካሚው መካከል በግራም በቀኝም የእንጨት ሽብልቅ መምታት፤ ሁለቱንም ክፍል በጠንካራ መቆሚያ መደገፍ ያስፈልጋል። በክሪክ ብቻ በተነሣ ብረት ሥር ማንም ሰው እንዲገባ ሹሙ መፍቀድ አይገባውም።

2ኛ፤ ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ መገኘቱ። ብዙ ክረምት የቆመ መኪና የፍሪሲዮኑ ዲስክ ዝጎ ከቮላኖው ጋር ይጣበቃል። ፔዳሉ ይረገጣል፤ ኀይሉ ግን አይለይም። ይህን ያየ ሰው ፍሪሲዮኑ አልቋል ብሎ መኪናውን ለመክፈል ይቸኵላል፤ ዲስኩ ግን ምንም ያልጎደለው ሊሆን ይችላል። በሌላ መኪና የተለመደው ብልሃት ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን ረግጦ ሞተሩን ማስነሣት ነው፤ በፈርጉሰን ግን ይህ አይሆንም። አስነሺው የሚሠራው በራሱ በማርሹ ዘንግ ስለ ሆነ፤ ማርሽ ገብቶ ሳለ ሞተሩ አይነሣም። ይህ ነጂውን ከአደጋ ለመጠበቅ የተደረገ ነው። ስለዚህ የሚሻለው መንገድ፤ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን እንደ ረገጡ፤ ሰፊና ደልዳላ በሆነ ሜዳ ላይ በሌላ መኪና ቀስ ብሎ ማስጎተት ነው። ሞተሩ ድንገት ሊነሣ ስለሚችል አስቀድሞ መጥፊያውን መያዝ፤ ሰውንም ከፊቱ ማራቅ ይገባል። ይህ ያልተሳካ እንደ ሆነ ብቻ መክፈል ይከተላል።

3ኛ፤ ፍሪሲዮኑ በዘይት መነከሩ። መኪናው ከተከፈለ በኋላ ዲስኩ ዘይት ጠጥቶ ከተገኘ፤ አዲስ ዲስክ ገዝቶ መግጠም ብቻውን ገንዘብ ማጥፋት ነው፤ ዘይቱ ከወዴት እንደ መጣ አልተጠየቀምና። ከፊት ከሞተሩ ወይም ከኋላ ከካምቢዮው ሊመጣ ይችላል። የሞተር ዘይት በጭስ የጠቈረና ቀጠን ያለ ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ግን ወፈር ያለና እንደዚያ ያልጠቈረ ነው። ምንጩ ከታወቀ በኋላ ዘይት የሚከለክለውን ማኅተም መለወጥ፤ ከዚያም ዲስኩን መግጠም ይገባል። ደግሞ በፍሪሲዮኑ ሽፋን ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በውስጧም የምትወዛወዝ የሽቦ ካስማ ተንጠልጥላለች። ይህች ቀዳዳ የተሠራችው ጥቂት ዘይት ቢያፈስስ ወጥቶ እንዲንጠባጠብና እንዲታይ ነው። ያላወቀ ሰው ግን ፍሳሹን የከለከለ መስሎት ይደፍናታል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ በውስጥ ይጠራቀምና ፍሪሲዮኑን ያበላሻል። መልእክተኛውን በማሰር ወሬው አይጠፋምና፤ ቀዳዳዋ ክፍት ሆና መቆየት አለባት።

4ኛ፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ መገኘቱ። የካምቢዮው፤ የዲፈረንሻሉና ማረሻ የሚያነሣው የዘይት ግፊት መሣሪያ በዚህ ትራክተር ዘይታቸው አንድ ነው፤ መጠኑም ከ20 ሊትር ይበልጣል። በማርሹ ዘንግ ላይ ያለው ላስቲክ በፀሐይ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፤ ውጭ የቆመ መኪና ክረምቱን ሁሉ ዝናብ ይጠጣል። ውሃውም ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ይነጣል። ጉዳቱም በአንድ ቦታ አይቆምም፤ ኩሽኔቶቹ ይዝጋሉ፤ ማንሻውን የሚገፋው ፖምፕም ይበላሻል። ስለዚህ ዘይቱ ሳይታይ መኪናውን ለሙከራ እንኳ ማስኬድ አይገባም። ለብዙ ቀን የቆመ መኪና ውሃው ከታች ስለሚዘቅጥ፤ የታችኛው መክፈቻ ጥቂት ሲላላ ከዘይቱ በፊት ውሃ ይወርዳል። የሚወጣውንም ዘይት በጨርቅ ማጥለል፤ የቤቱንም ወለል በማግኔት መዳሰስ ያስፈልጋል። የተሰበረ የማርሽ ጥርስ ከተገኘ፤ ከየትኛው ማርሽ እንደ ወጣ ሳይታወቅ ሽፋኑ መዘጋት የለበትም።

5ኛ፤ ማርሹ እየዘለለ መውጣቱ። ይህ ሲሆን መካኒኩ ማርሾቹ ሁሉ ይለወጡ ብሎ ትልቅ ሒሳብ ሊያቀርብ ይችላል። በእርግጥ ጥርሶቹ ተበልተው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማርሹን በቦታው የሚያጸናው የትንሽ ጥይትና የሞላ ነገር ነው። ሞላው ከደከመ፤ ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ ከተበላ፤ ጥርሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ማርሹ ይዘላል። ስለዚህ ሹሙ ሒሳቡን ከመፈረሙ በፊት ሞላውና ሹካው ታይተዋልን ብሎ ይጠይቅ። ሲፈታም ሞላውና ጥይቱ ተፈናጥረው እንዳይጠፉ በጨርቅ ሸፍኖ መሥራት ይገባል፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

6ኛ፤ የዲፈረንሻሉ ጩኸት። በዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ትልቁ ዘውድና ትንሹ ማርሽ በፋብሪካው እንደ ባልና ሚስት ተጋብተው የተላለሱ ናቸው። ከአንድ አሮጌ መኪና ዘውዱን፤ ከሌላው ትንሹን ማርሽ አውጥቶ መግጠም ለጥቂት ጊዜ የሠራ ቢመስልም፤ ጩኸትና ፈጣን መበላት ያስከትላል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ፤ ወይም አብረው ይቆያሉ። ሲገጠሙም ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ አዙሮ፤ የመነካካታቸው ምልክት በጥርሱ መካከል ማረፉን ማየት ያስፈልጋል። በየመገጣጠሚያው ያሉት እንደ ወረቀት የሳሱ ብረቶች ቈሻሻ መስለው እንዳይጣሉ፤ ከየት እንደ ወጡና ስንት እንደ ነበሩ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ልኩ የሚጠበቀው በእነርሱ ነውና።

7ኛ፤ የፍሬኑ መድከም። ፍሬን የማይዝ ትራክተር ፍሬኑ ብቻ ይታደስለታል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ተመልሶ ይደክማል። ምክንያቱም ፍሬኑ ያለው በኋላ ጎማዎች ዘንድ ስለ ሆነ፤ የዘንጉ ዘይት ማኅተም ያረጀ እንደ ሆነ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ይገባል። ዘይት ከልክ በላይ መሙላትም ይህንኑ ያመጣል። እንግዲህ የፍሬን በሽታ የሚመስለው የኀይል አስተላላፊው በሽታ ነው። በዳገታማ አገር ይህን ቸል ማለት ሰው መግደል ነው።

8ኛ፤ ተሰበረ የተባለው ሳይሰበር መገኘቱ። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ማንሻው አልነሣ ሲል ባለቤቱ ይደነግጣል። ነገር ግን የማንሻው ፖምፕ የሚዞረው በኋላው የኀይል ዘንግ ስለ ሆነ፤ የዘንጉ እጀታ ካልገባ ወይም ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ሳለ ማንሻው አይሠራም። ይህ የመኪናው ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። በዚሁ ጠባይ ግን ሌላ አደጋ አለ። ከባድ የሣር ማጨጃ እየዞረ ሳለ ነጂው ፍሪሲዮኑን ቢረግጥ፤ የማጨጃው የመዞር ኀይል በዘንጉ በኩል ተመልሶ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። መኪናው ቆመ ሲሉት እየሄደ ግንብ ወይም ገደል ሊደርስ ይችላል። ለዚህ መድኀኒቱ በዘንጉ ጫፍ የሚገጠም፤ በአንድ ወገን ብቻ ኀይል የሚያሳልፍ መለያ ነው። የሚዞረውም ዘንግ ሽፋኑ ሳይገጠም ማንም ወደ እርሱ አይቅረብ፤ የጋቢ ወይም የነጠላ ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ጠቅልሎ ይወስደዋል እንጂ አይለቅም።

አዲስ ፍሪሲዮን የተገጠመለትም ትራክተር ከቀድሞው ይልቅ ድንገት ሊይዝ ይችላል። ባረጀው የለመደ ነጂ ፔዳሉን እንደ ልማዱ በፍጥነት ቢለቅቀው የመኪናው ፊት ሊነሣ፤ ሸክሙም ከኋላው ዘንግ በላይ የታሰረ እንደ ሆነ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ሸክም፤ በሜዳ ላይ ይለማመድበት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ምክር ይህ ነው። አስቀድሞ፤ መኪናውን ለማደስ ከመወሰን በፊት ዘይቱን አስወርዶ ማየት፤ ሽፋኑም የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባል። የመኪናው አጥንት የሆነው ሽፋን ከተሰነጠቀ፤ እንዲህ ያለው ቅልጥ ብረት በብየዳ በቀላሉ የማይድን ስለ ሆነ፤ መተው የሚሻልበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፤ መለዋወጫ ሲታዘዝ የመኪናው ቍጥር ከነፊደሉ ይጻፍ፤ ቲ ኢ ኤ 20 በቤንዚን፤ ቲ ኢ ዲ 20 በላምባ ዐይነት ነዳጅ፤ ቲ ኢ ኤፍ 20 በናፍጣ የሚሠሩ ናቸውና። ደግሞም አሮጌ መኪና ከሁለት ከሦስት መኪና ተሰብስቦ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፤ የወጣውን ዕቃ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ መቀበል ያስፈልጋል። ሦስተኛ፤ ቡሎኖቹ በኢንች የተለኩ ስለ ሆኑ በሚሊሜትር ቍልፍ አይፈቱ፤ ጠርዛቸው ይላጣልና። አራተኛ፤ የተፈታው ሁሉ በተራው ይጻፍ፤ ይሣል። አምስተኛ፤ ከታሰበው ገንዘብና ቀን በላይ ትርፍ ይያዝ፤ የተሰወረው በሽታ የሚታወቀው ሲከፈት ነውና። ሥራውም ዘር ከሚዘራበት ወራት አስቀድሞ በበጋ ይጀመር።

በዚህ ዐይነት በትዕግሥት የታደሰ መኪና ለብዙ ዘመን ያገለግላል፤ አጠገቡ ሆኖ የተመለከተውም ወጣት መካኒክ ሆኖ ይወጣል። ሳይመረመር የተጀመረ እንደ ሆነ ግን፤ ገንዘቡ ወጥቶ መኪናው ለሁለት እንደ ተከፈለ በግቢው ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብ የሚፈቅደው ሹም መጀመሪያ ዘይቱን በዐይኑ እንዲያይ፤ ከዚያም በኋላ እንዲፈርም እናሳስባለን።