ወደ ቁም የዞረ ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በፈጠረው በዚህ ጨዋታ 55 ባዕዳን ፍጡራን በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ ደግሞ ከታች ሆኖ እየተኮሰ ይመክታቸዋል። አደጋው ከሰማይ በኩል ለሚመጣ ጨዋታ ከስፋት ይልቅ ቁመት ይጠቅማል። ጠላት ከሩቅ በታየ ቁጥር ለማምለጥም ሆነ ለመተኮስ ጊዜ ይገኛል።

ለዚህ ሲባል አዲስ ዓይነት ስክሪን መሥራት አላስፈለገም። የተለመደው ባለ ቱቦ ስክሪን 90 ዲግሪ ዞሮ በመጫወቻ ቤቶች በሚቆመው የጨዋታ ማሽን ውስጥ ገባ። በቱቦው ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ስክሪኑን መስመር በመስመር ይጠርገዋል። ስክሪኑ ሲዞር አግድም የነበሩት መስመሮች ቁም ሆኑ፤ ምስሉም ከዚያው ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ስለተሠራ ተጫዋቹ ሁሉንም ቀጥ ብሎ ያየዋል። በ1980 የወጣው «ፓክ-ማን»፣ በ1981 የተከተሉት «ጋላጋ» እና «ዶንኪ ኮንግ» የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የእነዚህ ጨዋታዎች ወዳጆች ዘዴውን ዛሬም «ታቴ» ይሉታል፤ በጃፓንኛ «ቁም» ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው ጨዋታዎቹ ወደ ቤት ሲገቡ ነው። የቤት ቴሌቪዥን አግድም ነው። ስለዚህ አዘጋጆቹ ወይ ሜዳውን ጨምቀው ያሳጥሩታል፣ ወይ ግራና ቀኙን ባዶ ይተዉታል። «ኢካሩጋ» የተባለው የትሬዠር ኩባንያ ጨዋታ በ2002 ድሪምካስት ለተባለው የቤት መጫወቻ ሲወጣ ሦስተኛ መንገድ ሰጠ፦ ምስሉን በጎኑ የሚያዞር ምርጫ። ቴሌቪዥኑን በጎኑ ለማቆም የቆረጠ ሰው ሙሉውን ሜዳ ያገኛል።

ዛሬ ሞኒተር ቀላል ነው፤ ብዙዎቹም በእግራቸው ላይ ይዞራሉ። ትርፉን በቁጥር ማየት ይቻላል። የ«ፓክ-ማን» ምስል 224 ፒክስል ስፋት፣ 288 ፒክስል ቁመት አለው። 1920 በ1080 በሆነ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ላይ፣ ስክሪኑ አግድም ሳለ ምስሉ ቢሰፋ ቢሰፋ 840 በ1080 ፒክስል ነው፤ ከስክሪኑ ከግማሽ በላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሞኒተሩ ወደ ቁም ሲዞር ግን ምስሉ 1080 በ1389 ገደማ ይደርሳል። ቁመቱ ከ30 ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ያድጋል ማለት ነው።

ይህ ግን ለሁሉም ዓይነት ጨዋታ አይሠራም። በገጸ ባሕርይው ዓይን በሚታዩ የተኩስ ጨዋታዎች ጠላት የሚመጣው ከግራና ከቀኝ ነው። በአግድም ስክሪን 90 ዲግሪ የጎን እይታ ያለው ተጫዋች፣ ጨዋታው የላይና የታች እይታውን ሳይለውጥ ስክሪኑ ቢዞርበት ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ይወርድበታል። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። የሰው ዓይንም ቢሆን ከላይ ወደ ታች ከሚያየው ይልቅ ወደ ጎን የሚያየው ይሰፋል።

የሞኒተሩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ቲኤን የሚባሉት ርካሽ ስክሪኖች ከግራና ከቀኝ ሲታዩ ብዙም አይለወጡም፤ ከታች ሲታዩ ግን ይጠቁራሉ። ስክሪኑ ሲዞር ያ ደካማ ጎን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይመጣል፤ ሁለቱ ዓይኖችም ያንኑ ቀለም በተለያየ ድምቀት ሊያዩት ይችላሉ። አይፒኤስ የሚባሉት ከየትም ቢታዩ ቀለማቸውን በተሻለ ይጠብቃሉ።

ሞኒተር ከማዞር በፊት ፈተናው ቀላል ነው፦ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ ከወንበር ወርዶ፣ ስክሪኑን ከሥር ወደ ላይ ማየት። ገጹ ከጠቆረ፣ ሞኒተሩ ሲዞር ያው ጥቁረት በጎን በኩል ይጠብቃል።