የሕፃናት የተረት ሰዓት በቤተ መጻሕፍት

የሕፃናት የተረት ሰዓት ዕድሜያቸው ለአንደኛ ክፍል ያልደረሰ ልጆች ከወላጆቻቸው ወይም ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር በቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው ተረት የሚሰሙበት፣ የሚዘምሩበትና በእጃቸው የሚሠሩበት ቋሚ መርሐ ግብር ነው። ዋና ዓላማው ፊደል ማስቆጠር አይደለም። ልጁ ቃላት እንዲያካብት፣ ታሪክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲከታተልና ከሁሉም በላይ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። በአምቦና በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች እንዲህ ያለው ዝግጅት የሚነሣው በአካባቢው ካለው የቃል ተረትና እንቆቅልሽ ነው።

ታሪክ

በቤተ መጻሕፍት ተረት የመንገር ልማድ በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተጀመረ። የፒትስበርግ ካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ የተረት ሰዓት ያካሂድ ነበር። በመጀመሪያ ተሳታፊዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ለትምህርት ላልደረሱ ሕፃናት የተለየው ዝግጅት የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው።

በኢትዮጵያ ተረት ለሕፃናት በመንገር በሰፊው የታወቁት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ከ40 ዓመታት በላይ አገልግለዋል። በቤተ መጻሕፍት በኩል፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአማርኛ የተጻፉ የሕፃናት መጻሕፍት እጥረት እንዳለ በሥራቸው ላይ ተመለከቱ። በልጅነቷ በማጂ ካደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈተ፤ በኋላም በሐዋሳ በአህያ ጋሪ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ፕሮግራም በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ።

በምዕራብ ሸዋ

የዞኑ ዋና ከተማ አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዲስ አበባ በሚወጣው ዋና መንገድ ላይ ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ ይገኛሉ። አብዛኛው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሲሆን፣ በከተሞቹ አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶችም አሉ። በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፍበትም በላቲን ፊደል ላይ በተመሠረተው ቁቤ ነው።

በዞኑ ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት በጊንጪ ዙሪያ ባለው በደንዲ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ መጀመሪያ «ሊትረሲ ቡስት» የተባለ የንባብ ፕሮግራም አካሂዷል። ፕሮግራሙ ያተኮረው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ላይ ነበር። ይሁን እንጂ መምህራንን ከማሠልጠን ጎን ለጎን ንባብን ከትምህርት ቤት ውጭ ወደ ኅብረተሰቡ የማውጣት ዘዴው ለታናናሾቹም የሚጠቅም ነው።

ልጁ የሚናገርበት ተረት

የአሜሪካው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ አዋቂው እያነበበ ልጁ ዝም ብሎ ከሚሰማ ይልቅ አዋቂው እየጠየቀ ልጁ ታሪኩን ሲናገር የልጁ ቋንቋ የበለጠ እንደሚዳብር አሳይተዋል። ይህ ዘዴ በአካባቢው አንድ እንቅፋት አለው፤ በብዙ ቤት ጨዋ ልጅ የሚባለው በትልቅ ሰው ፊት ዝም የሚል ነው። ስለዚህ አዲስ የመጣ ልጅ ሲጠየቅ ማቀርቀሩ አለማወቁን አያሳይም።

መፍትሔው ከዚያው ከባህሉ ይገኛል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚዎቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ ያልተገኘለት ጠያቂ «አገር ስጠኝ» ይላል። በአፋን ኦሮሞም እንቆቅልሽ (ሂቦ) እንዲሁ በጥሪና በምላሽ ይካሄዳል። በእነዚህ ጨዋታዎች ልጅ ለአዋቂ መልስ መስጠቱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ግዴታው ነው። የተረት ሰዓትን በእንቆቅልሽ መክፈት ዓይን አፋሩን ልጅ ለማናገር ቀላሉ መንገድ ነው።

አዘገጃጀት

አንድ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ተራኪው አንድ ጭብጥ ይመርጣል፤ ተረቱን፣ መዝሙሩንና የእጅ ሥራውንም በዚያው ጭብጥ ዙሪያ ያዘጋጃል። ለምሳሌ ጭብጡ ውኃ ቢሆን፣ ከወንዙ በላይ የሚጠጣው ጅብ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውኃውን አደፈረሽብኝ» ብሎ የሚከስበት የታወቀ ተረት ይመረጣል። ተራኪው ታሪኩን አቁሞ «ውኃ ወደየት ነው የሚፈሰው? ታዲያ ማን ነው ያደፈረሰው?» ብሎ ይጠይቃል። የሦስት ዓመት ልጅ ጅቡን በጣቱ ያሳያል ወይም ድምፁን ያስመስላል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ክሱ ለምን ሐሰት እንደሆነ ያስረዳል። ጥያቄው በዕድሜ ይለያያል፤ ተረቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ቋንቋው ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩት ሊሆን ይገባል። ድብልቅ በሆነ ቡድን ተረቱ በአፋን ኦሮሞ ተነግሮ መዝሙሩ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንዱ ተረት በተለያየ ቀን በሁለቱም ይነገራል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወዲያው መተርጎም ግን የታሪኩን ፍሰት ይሰብራል። የታተመ መጽሐፍ ከሌለ፣ አያቶች በቃል የነገሩትን ተረት ልጆች በሥዕል ሠርተውት ወረቀቶቹን በመስፋት ቤተ መጻሕፍቱ የራሱን መጽሐፍ ሊያዘጋጅ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ልጁ የሰማው ቃል በወረቀት ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል በዓይኑ ያያል።

የእጅ ሥራ

ለፈጠራ ሥራ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በአካባቢው ይገኛል። ከጭቃ የተሠሩ ከብቶች፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠሩ አሻንጉሊቶችና በካርቶን ላይ የሚለጠፉ የአምቦ ውኃ ቆርኪዎች ለተረቱ ገጸ ባሕርያት መሥሪያ ይሆናሉ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ልጆች አበባ ሥለው ለጎረቤት የመስጠት ልማዳቸው ራሱ የተዘጋጀ መርሐ ግብር ነው። ቆርኪና ባቄላን የመሳሰሉ ትንንሽ ነገሮች ሊያንቁ ስለሚችሉ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጡም። ሥራው ሲያልቅ ልጁ በሠራው ጅብና አህያ ተረቱን መልሶ እንዲናገር ይደረጋል፤ ያለዚህ የእጅ ሥራው ከተረቱ ተነጥሎ ይቀራል።

የመጻሕፍት አያያዝ

ለሕፃናት የሚሆኑ መጻሕፍት ጥቂት በሆኑበት ቦታ እንዳይቀደዱ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የመቆለፍ ዝንባሌ አለ። ሆኖም መጽሐፍን መያዝና ገጽ መግለጥ በእጅ ካልሆነ አይለመድም። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር ይጠገናል፤ ልጆቹም በጥገናው መሳተፍ ይችላሉ። አንደኛ ክፍል እስኪገባ መጽሐፍ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ግን ማንበብ ከመጀመሩ በፊት መጽሐፍ አያያዝን፣ ጽሑፍ ከየት ወዴት እንደሚነበብና ሥዕሉ ከጽሑፉ ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ ጊዜ መማር ይጠበቅበታል።