ደብዳቤ ሳይደርሳቸው የተሰናበቱ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ወለቃ ትገኛለች። በመንገዱ ዳር የተደረደሩት የሸክላ አንበሶች፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከቦች፣ የንጉሥ ሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ምስሎች ለአላፊ አግዳሚው መንደሯን ያስተዋውቃሉ። ጎብኚ የሚያውቃት የማስታወሻ ዕቃ መግዣ አድርጎ ነው። የአካባቢው ገበሬና የጎንደር ከተሜ ግን ለብዙ ዘመን የሚያውቋት በሌላ ነበር። ማረሻውና ማጭዱ፣ ምጣዱና እንስራው፣ ጋቢውም ሳይቀር ከወለቃና መሰል መንደሮች ነበር የሚወጣው።

ማሽን የሰውን እንጀራ ነጠቀ ሲባል ለብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊና የሚመጣው የመኪና ፋብሪካ ውስጥ የሚውረገረግ የብረት ክንድ ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ወሬ ስሟ ተነሥቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወቅቱ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ጂም ዮንግ ኪም ባደረጉት ንግግር፣ በማሽን ሊተካ የሚችለው ሥራ በሕንድ 69 በመቶ፣ በቻይና 77 በመቶ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ እስከ 85 በመቶ እንደሚደርስ ተናገሩ። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው፤ አነባበቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሌቱ የሚጠይቀው ማሽን ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ ብሎ ነው። ማሽኑን ገዝቶ፣ ነዳጅና መለዋወጫ አሟልቶ ማሠራት ያዋጣል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የቀን ሠራተኛ ከማሽን ኪራይ በሚረክስበት አገር ሁለቱ ጥያቄዎች በጣም ይራራቃሉ። የኢትዮጵያን ሠራተኛ እስከ ዛሬ ከማሽን የጋረደው ዋናው ነገር የደመወዙ ማነስ ነው፤ መራራ ከለላ ነው።

ጎንደር ዙሪያ ማሽን ሥራ የወሰደው በሮቦት መልክ አይደለም። በቢጫ ጀሪካን፣ በፋብሪካ ድር፣ በታተመ ጨርቅ፣ በአረም መድኃኒት መልክ ነው የመጣው። ማንንም ከሥራ አላባረረም፤ ገዢው ብቻ መምጣቱን አቆመ። ነገሩ አከራካሪ ሳይሆን፣ ሰሚም ሳያገኝ ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

የወለቃን ነገር ለመረዳት ሙያው በማን እጅ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) በጎንደር ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። አዲስ ዓለምና ካይላ ሜዳ የሚባሉት ሰፈሮች ስም ያንን ዘመን ያስታውሳል። ርስት የተነፈገው ቤተ እስራኤል ኑሮውን በእጁ ሥራ ላይ መሠረተ፤ ወንዱ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆነች። የአዲስ ዓለም ሙስሊምም በንግድና በሽመና ታወቀ። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አንዲት ጥማድ አያርስም፤ ዞር ብሎ ግን «ቡዳ» ይለው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀቱ ሥር ሰድዶ ስለነበር ነው።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ስምንት ሺህ ያህል ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተጓዙ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወሰደ። የቤተ እስራኤሎች መንደር የነበረችው ወለቃ አብዛኞቹን ባለ ሙያዎቿን በዚህ መንገድ አጣች። የቀሩት ጎረቤቶች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ጭቃውን ተረከቡ። በመንደሩ የተቋቋመው የፕሮጀክት ፕላውሼር የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም ችግረኛ ሴቶችን ሸክላና ሽመና እያስተማረ ሙያው እንዳይቋረጥ አግዟል።

አሁን ወደ ጭቃው እንግባ። ሸክላ ሠሪዋ የምትሠራው ያለ መንኮራኩር ነው። አፈሩን ታመጣለች፣ ታደርቃለች፣ ትወቅጣለች፤ የተሰበረ ሸክላ አድቅቃ ትቀላቅልበታለች፤ ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ጭቃውን በእጇ እየጠቀለለች ግድግዳውን ታቆማለች፣ በለስላሳ ጠጠር ትፍቃለች፣ ሲደርቅ በኩበትና በጭራሮ ሜዳ ላይ ታቃጥላለች። ከአንድ እሳት ስንቱ ደህና ወጥቶ ስንቱ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የፈነዳው ሸክላ ድካምና ኪሳራ የእሷ ነው።

እንስራን ያጠፋው የምግብ ዘይት ይዞ የገባው ጀሪካን ነው። ዘይቱ ካለቀ በኋላ ባዶው ይሸጣል፤ ይቀላል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ክዳን አለው። ከምንጭ ውኃ ለምትቀዳ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንስራ ባዶውን እንኳ ጀርባ ያጎብጣል። ስለዚህ ጀሪካንን መኮነን አይቻልም። አንዲቱን ሴት ከሸክም ሲያቃልል ሌላይቱን ከገበያ አስወጣ። በጥቅሉ ሲታይ አገሪቱ አተረፈች ሊባል ይችላል፤ ያተረፈችውና የከሰረችው ግን አንድ ሰው አይደሉም።

ምጣዱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ኤሌክትሪክ በየቤቱ ሲገባ የሸክላ ምጣድም እንደ እንስራው ያከትምለታል ያለ ሰው አይፈረድበትም ነበር። አላከተመለትም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይ ሲያዩት ብረት ነው፤ እንጀራው የሚያርፍበት ግን ሸክላ ነው። ከሥሩ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ ይወጣለትና ሽቦው ተቀብሮበት ይታሸጋል፤ ከዚያ በጎመን ዘር ይሟሻል፣ ዓይን ያለው እንጀራም ይወጣዋል። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ እኩል ያዳርሳል፤ በእርሾ የቦካው ሊጥም የለመደው እሱን ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ባለ ምጣዷ ብረቱን ይዛ ሸክላውን ብቻ ታስቀይራለች። ማሽኑ የሸክላ ሠሪዋን ሥራ በሆዱ ይዞ ገበያ ወጣ ማለት ነው። ጀበናንም ቡናው ጠበቀው፤ በቴርሞስ የሚጠጣው ቢበዛም ለእንግዳ የሚፈላው በጀበና ነው።

ሽመናው ከእንስራውና ከምጣዱ ዕጣ መሐል ወደቀ። ኤድመንድ ካርትራይት በእንግሊዝ በኃይል የሚሠራ የሽመና ማሽን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1785 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቂት አሠርት ቆይቶ የእንግሊዝ ሸማኔና ባለ ሹራብ ማሽን እየሰበረ እስከ ማመፅ ደረሰ። የእኛ ሸማኔ ከዚያ ዘመን ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በጉድጓድ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ሲወረውር ኖሯል። ማሽኑ ያልደረሰበት ግን አይደለም፤ የደረሰው በድሩ በኩል ነው። በጣልያን የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ እንደ አቃቂና ድሬዳዋ ፋብሪካዎች ሁሉ፣ ሸማኔው ድሩን ከሱቅ መግዛት ቀለለው። ማጉን ሴቶች በእንዝርት መፍተላቸውን ቀጠሉ፤ የድሩ ፈትል ግን ከእጃቸው ወጣ። የስንት ሴት የክረምት ሥራ፣ የስንት አሮጊት መጦሪያ በዚያ እንደቀረ የመዘገበ መሥሪያ ቤት የለም፤ ፈትል በቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ሥራ ተብሎ አልተቆጠረም ነበርና።

ዛሬ ሸማኔው ራሱ ተራው ደርሶታል። ጥበቡ በማሽን የታተመበት ፖሊስተርና ሽፎን ከውጭ እየገባ ለሠርግና ለጥምቀት ይሰፋል፤ ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ዋጋው ደግሞ በጣም ይረክሳል። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ነጭ በነጭ ስትሆን የሚያምርባት ከተማ ናት፤ ከነጩ ስንቱ የሸማኔ እጅ እንደነካው ግን ልብሱን ጠጋ ብሎ መዳሰስ ይጠይቃል። (የእጅ ሸማ በጣት ሲነካ እርጥበት የሚጠጣ፣ ሳሳ ያለ ነው፤ ፖሊስተሩ ይንሸራተታል።)

የቀጥቃጩን ዕድል የሚወስነው መልክዓ ምድሩ ነው። ወናፉን እየነፋ፣ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻ የሚያወጣው ባለ ሙያ ገበያው በሬ ነው። መንግሥት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቅዷል። በጣና ዳር በተዘረጋው የደንቢያ ሜዳና በመተማ ቆላ ትራክተር ይሄዳል። የጃናሞራና የደባርቅ ተረተር ግን ለበሬም የሚያስቸግር ነው፤ እዚያ ማረሻ ገና ብዙ ዘመን ይቀጠቀጣል።

ትልቁ ጥያቄ ያለው ከተማው ውስጥም ወለቃም አይደለም፤ ቆላው ላይ ነው። በየዓመቱ ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከበለሳ መሬት የጠበበው ወጣት በጎንደርና በአዘዞ በኩል አድርጎ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። እዚያ ስሙ «ሳሉግ» ነው። ክረምት ላይ ያርማል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሰሊጥ ያጭዳል። ለብዙ የደጋ ቤተሰብ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው፣ ጎጆ የሚወጣው በዚህ ገንዘብ ነው። ከተማውም ከዚሁ ይቃመሳል፤ ሳሉግ ሲመለስ ልብስ፣ ጫማና ስልክ ከጎንደር ሱቆች ገዝቶ ነው የሚወጣው።

ሰሊጥ እስካሁን በእጅ የሚታጨደው በራሱ ጠባይ ነው። ፍሬው የተቀመጠበት ከረጢት ሲደርቅ ከላይ ይከፈታል፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ፈጥኖ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ «ሂላ» በሚባል የነዶ ክምር ቆሞ ይደርቅና ተገልብጦ ይራገፋል። ኮምባይነር ቢገባበት ምርቱን ይበትነዋል። ሥራው በጥቂት ሳምንት ማለቅ ስላለበት ባለ ሀብቱ ለአጫጅ ይሻማል፤ ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ይወጣል። ሳሉግ በዓመት አንድ ጊዜ «እምቢ፣ ጨምር» ማለት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ጠባይ ግን ሊለወጥ የሚችል ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. በቬኔዝዌላ ላንግሃም የተባለ ተመራማሪ ከረጢቱ የማይከፈት ሰሊጥ አገኘ። ከዚያ የተጀመረው ማዳቀል አድጎ አሜሪካ ዛሬ ሰሊጧን የምታጭደው በማሽን ነው። በጎንደርና በሁመራ የግብርና ምርምር ማዕከላትም ሰሊጥ ዋና ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ ወደ ቆላው መውረድ አስጊ ሲሆንና አጫጅ ሲጠፋ የማሽን ፍላጎት መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። የአረም መድኃኒትም የሳሉግን የክረምት ሥራ ሳይጮህ እየቀነሰ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን የመጀመሪያ አይሆንም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ ጭላሎ ትራክተርና ምርጥ ዘር ሲገባ፣ እርሻው አዋጭ መሆኑን ያዩ ባለ መሬቶች ጭሰኞቻቸውን አባረሩ። ምርቱ ጨመረ፤ ያረሰው ሰው ግን ከመሬቱ ተነሣ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማሽንን ያውቀዋል። በአንቀጽ 28 ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴ መለወጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባት ሠራተኛን በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በቂ ምክንያት መሆኑን ይደነግጋል። የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ ከመደበኛው ስንብት በተጨማሪ የስልሳ ቀን ደመወዝ ይከፈላል። ለፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ትንሽም ቢሆን ነገር ነው። ሸክላ ሠሪዋ ግን አሠሪዋ ማን ነው? ሳሉግስ ያለፈው ዓመት ባለ ሀብት ዘንድሮ ኮምባይነር ቢከራይ ስንብቱን ከማን ይጠይቃል? በከተማውም ቢሆን ብዙው እንዲሁ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩትን ኮምፒውተር ቤት ተክቷቸዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ ተቀባይነት የሚባለው ሥራ ራሱ እየሳሳ ነው።

ለወለቃ ኪሳራ ማሽንን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይሆንም። ኮሮና፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ጎብኚውን አርቀውታል፤ አንበሳና ኮከብ የሚገዛ ከሌለ ማሽን ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። ነገር ግን ለጎብኚ ከሚሠራው ምስል ይልቅ የምጣዱ ገበያ ጸንቶ መቆየቱ ለሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶች የሚነግራቸው ነገር አለ። ሥልጠናው ወደ ማስታወሻ ዕቃ ሳይሆን ማሽን ወደሚፈልገው ሸክላ ቢያዘነብል፣ ውፍረቱና ስፋቱ ልክ የሆነ፣ ከእሳት ሳይፈነዳ የሚወጣ የምጣድ ሸክላ ማምረቻ ምድጃ በኅብረት ቢሠራ፣ ሴቶቹ ለምጣድ ገጣጣሚዎች በውል ማቅረብ ይችላሉ።

ለምርምር ማዕከላቱና ለክልሉ ግብርና ቢሮም አንድ ጥያቄ እናቅርብ። የማይረግፍ ሰሊጥ ለገበሬ በሚለቀቅበት ቀን ሪፖርቱ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ መናገሩ አይቀርም። በሄክታር ስንት የሥራ ቀን እንደሚያስቀርም አብሮ ይጻፍበት፤ የዳባትና የወገራ ወረዳዎችም ያንን ቁጥር ዝርያው ከመለቀቁ በፊት ይወቁት።