አያትም የልጅ ልጅም የሚቆርሱት ትልቁ ሳምቡሳ

ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ያሏችሁ ታውቁታላችሁ። ለዕረፍት የሚመጡት ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ገና ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ መሥሪያ ቤትም ፈቃድ የሚሰጠው ያኔ ነዋ። ዲሴምበር 25 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይውላል። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት እስኪፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል።

ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለት ማዕድ ይቀርባል። በእኛም ቤት እንግዶቹ ዶሮ ጥብሱን ከብበው፣ እናቴ ጥግ ላይ ከሽሮዋ ጋር ዓመታት አለፉ። እናቴ አንድም ቀን ቅር አለኝ አላለችም። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ግን «እማማ ለምን ብቻዋን ትበላለች?» ብላ ጠየቀች።

የጾም ምግብ ጠፍቶ አልነበረም፤ ምስሩም ጎመኑም አለ። የጎደለው እንደ ድፎ ዳቦ መሃል ላይ ተቀምጦ፣ በትልቅ ሰው ተባርኮ ለሁሉም የሚቆረስ ነገር ነው። እኛ ያገኘነው መፍትሔ በትልቁ የተሠራ ክብ ሳምቡሳ ነው። አሁን ቢላውን የምትይዘው እናቴ ናት፤ የመጀመሪያው ቁራሽም የትንሿ ነው።

ለስምንት ሰው ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ ኩባያ ዘይት በእጃችሁ እሹ። ከዚያ አንድ ኩባያ የማይሞላ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ለስላሳ ሊጥ አድርጉት። ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፤ ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጡት ተመልሶ ይሰበሰባል። ከሱቅ የተዘጋጀ ሊጥ የምትገዙ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል ያለበት ብዙ ነው።

ለውስጡ አንድ ኩባያ ተኩል ድፍን ምስር ሳይፈርስ ቀቅሉና ውሃውን በደንብ አጥልሉት። ሦስት ቀይ ሽንኩርት በዘይት አብስሉ፤ ሁለት የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው ጨምሩ። ምስሩን አስገብታችሁ እርጥበቱ እስኪጠፋ አማስሉ። ከእሳት ስታወርዱት የተከተፈ ቃሪያና ትንሽ ኮረሪማ ጣል አድርጉበት። ለልጆች ብላችሁ የቃሪያውን ፍሬ አውጡ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የምግቡ መሳካት ያለው በዚህ ነው፦ ውስጡ ደረቅና ፈጽሞ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። እርጥብ ወይም ትኩስ ከሆነ የታችኛው ሊጥ ይላቁጣል፤ ሲቆረስም ይበተናል።

ሊጡን ሁለት እጅና አንድ እጅ አድርጋችሁ ክፈሉት። ትልቁን ዳምጣችሁ ዘይት በተቀባ ክብ መጋገሪያ ላይ ጠርዙን አስተርፋችሁ አንጥፉ፤ ምስሩን ሙሉና ጠቅጠቅ አድርጉት። ትንሹን ክዳን አድርጋችሁ ጠርዙን በውሃ አርጥቡና ቆንጥጣችሁ ግጠሙት። እንፋሎቱ እንዲወጣ መሃሉን በቢላ ሦስት አራት ቦታ ብጡ። የተረፈውን ሊጥ ልጆቹ ሹሩባ ሠርተው ዙሪያውን ያስጊጡበት። በእንቁላል ፋንታ ዘይት በቁንጥር እርድ በጥብጣችሁ ላዩን ብትቀቡት ወርቃማ ይሆናል።

በ200 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ኦቨን ከሌላችሁ ሳሳ አድርጋችሁ በምጣድ ላይ በቀዝቃዛ እሳት ጋግሩት፤ አክንባሎ ድፉበት፤ ሥሩ ሲጠነክር ትሪ ላይ አንሸራታችሁ ገልብጡት። ከወጣ በኋላ 15 ደቂቃ ሳይሞላ አትቁረሱት።

የመጨረሻው ነገር ሰዓቱ ነው። እንደ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ባለበት ቤት ማዕዱን በሰባት ሰዓት ማቅረብ አብሮ መብላትን ከንቱ ያደርገዋል። ልጆቹን በሙዝና በቆሎ አቆዩአቸው፤ ትልቁን ሳምቡሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውጡት።