ለደጀ ሰላም ወጥ ቤት የሚሆን ገጀራ እንዴት ይመረጣል?

የአጥቢያው ክብረ በዓል ሲቃረብ የሰበካ ጉባኤው የግዥ ዝርዝር ከዱቄትና ከበርበሬ ጀምሮ እስከሚታረደው በሬ ድረስ ይወርዳል። በዝርዝሩ መጨረሻ «ገጀራ 1» ተብሎ የሚጻፈው ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ብልጭታውና ዋጋው ብቻ ታይቶ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ በአንድ ቀን የበሬ አጥንት የሚከፍል፣ በብዙ ሰው እጅ የሚዞር፣ ለነዳያን የሚቀርበው ማዕድም በስለቱ የሚያልፍ ነው። ስለቱ ተሸርፎ ስባሪው ከሥጋው ጋር ድስት ቢገባ ወይም ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ቢወረወር የሚደርሰው ጉዳት ከገጀራው ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። በዚህ ጽሑፍ የሰበካ ጉባኤያት ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን እናብራራለን።

በጎሮና በአካባቢዋ ላሉ አጥቢያዎች ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል፤ ይህም ለገበሬው በረከት ሲሆን ለብረት ግን ሁለት የዝገት ወቅት ነው። በዚያ ላይ የሥጋ ገጀራ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሁሉ ሳይነካ በዕቃ ቤት ይቀመጣል። ለትንሣኤ ሲወጣ ዝጎ መገኘቱ የተለመደ ነው። «የማይዝግ ግዙ» የሚለው ምክር የመጣውም ከዚህ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የማይዝግ ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

የማይዝግ ብረት ምስጢር ክሮሚየም ነው። በብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖር ፊቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይፈጠርና ዝገትን ይከለክላል። እንግሊዛዊው ሐሪ ብሬርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. በሼፊልድ ከተማ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ይህን ዓይነት ብረት አገኘ፤ ብዙ ሳይቆይም ለቢላዋ ዋለ።

ለገጀራ ግን አለመዛግ ብቻ አይበቃም። ሁለት ጠባዮችን ለይተን ማየት አለብን። አንደኛው ጥንካሬ ነው፤ ይኸውም ስለቱ ሳይዶለዱም የሚቆይበት ኃይል ነው። ሁለተኛው ጽናት ነው፤ ይኸውም ብረቱ ምት ሲያርፍበት ሳይሰነጠቅ የሚችልበት ኃይል ነው። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይሻማሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ሽንኩርት ለሚከትፍ ቀጭን ቢላዋ ጥንካሬ ይቀድማል። አጥንት ለሚመታ ገጀራ ግን ጽናት ይቀድማል።

በገበያ የሚገኙት የማይዝጉ ብረቶች በዚህ መለኪያ ሲታዩ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ማንኪያና ድስት የሚሠራበት 304 የተባለው ነው። ዝገትን እጅግ ይቋቋማል፤ ካርቦኑ ጥቂት በመሆኑ ግን በእሳት ሊጠነክር ስለማይችል ስለት አይይዝም። ሁለተኛው 440 ሲ የተባለው ነው። ካርቦኑ ወደ 1 በመቶ ይደርሳል፤ ካርቦኑና ክሮሚየሙ ተዋሕደው ትልልቅና ደረቅ ቅንጣቶች ስለሚሠሩ ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም፤ ነገር ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከእነዚያው ቅንጣቶች ነው። ስለዚህ አጥንት ለሚመታ ዕቃ አንመክረውም። ሦስተኛው ወገን ካርቦኑ ከ0.3 እስከ 0.6 በመቶ፣ ክሮሚየሙ ከ13 እስከ 15 በመቶ የሆነው ነው። 420 እና 1.4116 የሚባሉት ከዚህ ይቆጠራሉ። ለገጀራ የሚስማማው ይህ ነው። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ከ54 እስከ 57 ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ «እጅግ ጠንካራ» ተብሎ የሚወደሰው ለዚህ ሥራ ጥቅም የለውም።

ሻጩ የብረቱን ዓይነት ባያውቅስ? ሦስት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንደኛ፣ ማግኔት ያስጠጉ፤ ካልሳበው ብረቱ የማንኪያ ዓይነት ስለሆነ ይተውት። ሁለተኛ፣ በጥግ በኩል ሞረድ ያስነኩት፤ ሞረዱ እንደ እርሳስ በቀላሉ ከቆረጠው ብረቱ አልጠነከረም። ሦስተኛ፣ ከተገዛ በኋላ ለበዓሉ ከመዋሉ በፊት በደረቅ እንጨት ላይ ደጋግመው መትተው ስለቱን በፀሐይ ብርሃን ይመርምሩ። ስለቱ ጥቂት ከታጠፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተሸረፈ ደግሞ ደረቅ ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያው ይሻላል፤ የታጠፈ በሞረድ ይቀናል፣ የተሸረፈ ግን ስባሪው የት እንደገባ አይታወቅም።

የእጀታውንም ነገር ማየት ይገባል። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀና በሚስማር የታሰረ ይሁን። እጀታው በብየዳ የተቀጠለ ገጀራ አይግዙ፤ ይህ የብረት ዓይነት በብየዳው አጠገብ ይደርቅና በምት ይሰበራል።

አንድ እውነት ግን መሸሸግ የለብንም። በጽናት ብቻ ከተመዘነ፣ የአካባቢያችን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ በአግባቡ የሠራው ገጀራ ከአብዛኛው የማይዝግ ብረት ይበልጣል። ባሌስትራ የተሠራው ዕድሜውን ሁሉ ምት እንዲችል ነውና። ድካሙ መዛጉ ነው፤ ያረጀ ባሌስትራም ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር አለበት። በአንጻሩ የማይዝገውን ብረት ለቀጥቃጩ ሰጥቶ አሠርቶ ማጠንከር አይቻልም ለማለት ያስደፍራል፤ ከ1000 ዲግሪ በላይ የሆነ የተመጠነ ሙቀት ስለሚሻ በከሰልና በወናፍ በዓይን ግምት አይደረስበትም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ዕቃ ቤቱን በኃላፊነት የሚይዝ፣ ገጀራውን አድርቆ ዘይት የሚቀባ ሰው ያለው አጥቢያ ለአጥንት የባሌስትራውን ያሠራ፤ ገንዘቡም በአካባቢው ባለሙያ እጅ ይቀራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ በመታጣቱ ሕዝቡ መሣሪያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደነበር ተጽፏል፤ ቀጥቃጩን የናቀ አጥቢያም መንገዱ ወደዚያው ነው። ዕቃው በብዙ እጅ የሚዞርበትና ተጠያቂ የሌለበት አጥቢያ ግን ሦስተኛውን ወገን የማይዝግ ብረት ይግዛ። በጾም ጎመንና ዱባ የሚከተፍበት ቢላዋ ለብቻው ስለሚያዝ እርሱ ቀጭንና ርካሽ ቢሆን አይጎዳም፤ ወጪው በሥጋው ገጀራ ላይ ይዋል።

የትኛውም ቢመረጥ ስቡን ለማቃጠል እሳት ውስጥ አይጨመር፤ ጥንካሬው ይጠፋልና። ጀርባውም በድንጋይ ወይም በመዶሻ አይመታ። ጨው ከነካው በኋላም ሳይታጠብ አይደር፤ የማይዝግ የተባለውም ቢሆን በጨው ይበላል። በየክብረ በዓሉ ዋዜማ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ስለቱንና እጀታውን አይቶ «ደኅና ነው» ብሎ በመዝገብ ቢፈርም፣ የነዳያኑም ማዕድ የሠራተኞቹም እጅ ይጠበቃል።