አሮጌ መዋኛ ገንዳ ማደስ ያዋጣል? ሒሳቡ ከመሬት በታች ነው

የቦሌ ደላላ አሮጌ መዋኛ ገንዳ ሲያይ ውሃው አይታየውም፤ የሚታየው ካሬ ሜትሩ ነው። አይፈረድበትም። ሃምሳ ሜትር በሃያ አምስት የሆነ ገንዳ ብቻውን 1,250 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ በዙሪያው ያለው መራመጃ፣ ልብስ መቀየሪያው፣ የፓምፕ ቤቱ፣ ካፌውና የመኪና ማቆሚያው ሲታከልበት 4,000 ካሬ ሜትር በቀላሉ ይሞላል። ይህን ያህል ገላጣ ቦታ በአፍሪካ ጎዳና ዳር ወይም በገርጂ ውስጥ ያየ ነጋዴ ልቡ ወደ ፎቅ ቢሄድ ምን ይደንቃል?

ሆኖም የገንዳ ይዞታ ዋጋ የፎቅ መሬት ዋጋ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ቦታ የሚያዘው ለተወሰነ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱን ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን እኔ አስጨርሳለሁ የሚል ደላላ ከመጣ፣ ኮሚሽኑም ፈቃዱ በእጅ ከገባ በኋላ ይከፈለው። እስከዚያው ድረስ ገንዳው በገንዳነቱ ምን ያስገባል፣ ምንስ ያስወጣል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በውሃ ምክንያት መሆኑን አንባቢ አይዘነጋውም። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ከእንጦጦ ወረዱ፤ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. ተመሠረተች። በ1962 ዓ.ም. የተከፈተው ሒልተን ሆቴልም ገንዳውን የሚያሞቀው በዚያው አካባቢ ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው። ከመስቀል አደባባይ ጎን ያለው የጊዮን ሆቴል ሰፊ ገንዳ ደግሞ የሆቴል እንግዳ ላልሆነውም ሰው የመግቢያ እየከፈለ የሚዋኝበት ሆኖ ኖሯል። ከዚያ በቦሌ መንገድ ቁልቁል ሲወረድ ግን ገንዳዎቹ ባመዛኙ የሆቴልና የክለብ ናቸው። ከተማው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገርጂ፣ ሲኤምሲና አያት ሲሰፋ ለሕዝብ የሚሆን ገላጣ ገንዳ አብሮ አልሰፋም። ኢትዮጵያ በ2004ቱ የለንደንና በ2008ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኞች አሰልፋለች፤ የሚለማመዱበት ቦታ ግን ከጣት ቁጥር አያልፍም። ፈላጊ አለ ማለት ነው። ጥያቄው የወጪው ነው።

አሮጌ ገንዳ የሚያድስ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሴራሚኩን ነው፤ ደንበኛ የሚያየው እሱን ነውና። ገንዘቡን የሚበላው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ሃምሳ ሜትር ርዝመት፣ ሃያ አምስት ሜትር ስፋትና በአማካይ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 2,500 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሊትር ውሃ ይይዛል። ውሃው በአንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲቀንስ 12,500 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ አንድ የውሃ ቦቴ ያህል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ከድርድሩ በፊት አንድ ባልዲ ይዞ መሄድ ነው። ባልዲው በገንዳው ውሃ ተሞልቶ በገንዳው ደረጃ ላይ ይቀመጥ፤ ፓምፑ ይጥፋ፤ የሁለቱም ከፍታ ይመልከትና ከ24 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካ። ፀሐይና ነፋስ ከሁለቱም እኩል ይወስዳሉ፤ በበጋ ቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢቀንስ አያስደነግጥም። ገንዳው ከባልዲው አብልጦ ከቀነሰ ልዩነቱ ወደ መሬት የገባ ነው። ባለንብረቱ ይህን ፍተሻ ካልፈቀደ ደግሞ መልሱ ተገኝቷል።

የቦሌና የምሥራቁ ክፍል አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ኮትቻ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዳ ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ግድግዳው ከውጭ በአፈሩ ይገፋል፣ የቧንቧ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ የፈሰሰው ውሃ ደግሞ አፈሩን መልሶ ያሳብጠዋል። በዚህ ላይ ለጥገና ተብሎ ገንዳው ነሐሴ ላይ ባዶ ከተደረገ፣ ከሥሩ የታቆረው የከርሰ ምድር ውሃ ባዶውን ኮንክሪት ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል። ውሃ የሚወጣው በጋ፣ ከታኅሣሥ ወዲያ ነው። ያረጀ የብረት ቧንቧ በግፊት ተፈትሾ ካልያዘ በፕላስቲክ መተካት እንጂ መጠገን አያዋጣም። በዚያው ቁፋሮ የወለሉ ውሃ መሳቢያ ከአንድ ወደ ሁለት ይደረግ፤ አንድ ብቻ ከሆነ የልጅ እጅ ወይም ፀጉር ስቦ ሊይዝ ይችላል።

ቀጥሎ ፓምፑና የአሸዋ ማጣሪያው ነው። ለሕዝብ ገንዳ ውሃው ሁሉ በ6 ሰዓት አንዴ መጣራት አለበት ቢባል፣ ፓምፖቹ በሰዓት 417 ሜትር ኩብ ያህል ማንቀሳቀስ አለባቸው። ለቤት የተሠራ ፓምፕ ደርድሮ ይህን መሸፈን አይቻልም። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሒሳቡ ሌላ ሆኗል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ የእድሳት ጥናት የሚያሳይ ሻጭ ካለ ወረቀቱን ለማስታወሻ ይያዘው።

ሙቀቱም አለ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ በፍል ውሃ ዙሪያ ያለው ጸጋም ቦሌ ድረስ አልወረደም። ይህን ገንዳ በአንድ ዲግሪ ብቻ ለማሞቅ 2,900 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል። ከ18 ወደ 26 ዲግሪ ለማድረስ ከ23,000 በላይ ነው፤ ያውም ሌሊት የሚባክነው ሳይቆጠር። ርካሹ መድኃኒት የማታ ሽፋን ነው፤ የሚባክነውን ሙቀት ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል። በልብስ መቀየሪያው ጣራ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ቢታከል ፀሐያችን አታሳፍርም። መጀመሪያ ማሞቂያ ገዝቶ ሽፋኑን የሚዘነጋ ባለሀብት ግን ሰማይ እያሞቀ ነው።

ገቢውን በ12 ወር ማባዛት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ገላጣ ገንዳ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ ደንበኛው ዝናብ ነው፤ ዘጠኝ ወር ቢሠራ ይመስገን። ካፌውም ሁዳዴን ጨምሮ የጾም ወራትን አስቦ ይዘጋጅ። ቅዳሜና እሑድ የሚመጣው ሰው ገንዳውን ቢሞላውም የነፍስ አድን ዋናተኞቹን ደመወዝና ክሎሩን የሚሸፍነው የሥራ ቀኑ ገቢ ነው። እሱም በቦሌና በሲኤምሲ በኩል ከበዙት የግል ትምህርት ቤቶች ጋር በሚደረግ የመንፈቀ ዓመት ውል ይገኛል። ከእድሳቱ በፊት ሁለትና ሦስት ትምህርት ቤት ያስፈረመ ሰው ባንክ ሲገባም የሚያሳየው ነገር አለው።

ባለቤቱ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ ዋናው መደራደሪያ ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ ዘመኑ ነው። በሦስት ዓመት ውል ቧንቧ የሚቀይር ተከራይ የለም፤ ቀለም ቀብቶ፣ ጃንጥላ ተክሎ፣ ቢራ ሸጦ ይወጣል፤ ገንዳውም እየፈሰሰ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ለቧንቧና ለማጣሪያ የወጣውን ከኪራይ ላይ የሚያቀናንስ ውል ከተገኘ ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻላል። ባልዲው ግን ከፊርማው ይቅደም።