በስካይሪም ምድር ዓሣ ማጥመድና ፈጥኖ መጓዝ

በሩቅ አገር የተሠራ የቪዲዮ ጨዋታ ለጉርድ ሾላ ተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ይፈይድለታል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይታጣም። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ጨዋታው በየሠፈሩ ገብቷል፤ ወጣቱም ከትምህርትና ከሥራ ሲወጣ በሰዓት እየከፈለ ይጫወታል። የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ዘዴውን ሳያውቅ ገንዘቡንና ጊዜውን ከሚያፈስ፥ ዐውቆ ቢጫወት ይሻለዋል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው በአንድ ስመ ጥር ጨዋታ ውስጥ ስላሉ ሁለት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ፈጥኖ መጓዝና ዓሣ ማጥመድ ናቸው። አንደኛው ለቸኮለ፥ ሁለተኛው ለታጋሽ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጠባይ ነው።

ጨዋታው ስካይሪም ይባላል። ቤቴስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሕዝብ ያወጣው ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። እንደ ኳሱ ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት አይደለም። ተጫዋቹ ከ10 ዘር አንዱን መርጦ፥ መልክና ስም ሰጥቶ፥ አንድ ሰው ይፈጥራል። ያ ሰው በ9 ግዛት በተከፈለ፥ ተራራና ጫካ፥ ወንዝና ሐይቅ በሞላበት ቀዝቃዛ አገር ይሰማራል። ዘንዶ መግደል፥ ቤት መግዛት፥ መድኃኒት መቀመም፥ ሁሉም ለእርሱ ክፍት ነው። አገሩ ሰፊ ስለ ሆነ መንገዱ ጊዜ ይበላል። በደቡብ ምሥራቅ ካለችው ከሪፍተን ተነሥቶ በምዕራብ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ማርካርዝ በእግሩ የሚሄድ ተጫዋች፥ የከፈለበት ሰዓት በመንገድ ላይ ሊያልቅበት ይችላል።

ለዚህ ሲባል የጨዋታው ሠሪዎች ፈጥኖ የመጓዣ ዘዴ አበጅተዋል። ካርታውን ከፍቶ የአንድን ቦታ ምልክት መንካት ነው፤ ወዲያው እዚያ መገኘት ነው። ነገር ግን ሕግ አለው። በካርታው ላይ ወሬው ብቻ የተሰማ ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ተጫዋቹ በእግሩ ደርሶ ያየው ቦታ ግን ነጭ ይሆናል። ፈጥኖ መጓዝ የሚቻለው ወደ ነጩ ብቻ ነው። እንግዲህ ሕጉ በአጭሩ፥ ያልደከምህበትን መንገድ አታሳጥረውም ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ጠላት በአቅራቢያ ሳለ ፈጥኖ መጓዝ አይቻልም። ከአብዛኛው ዋሻና ቤት ውስጥም አይቻልም፤ አስቀድሞ ወደ ደጅ መውጣት ያስፈልጋል። ከዐቅሙ በላይ የተሸከመ ሰውም እንዲሁ ይከለከላል፤ ስለዚህ ያገኘውን ሰይፍና ጋሻ ሁሉ የሚያግበሰብስ ተጫዋች ሸክሙን ማቅለል ይኖርበታል፥ ወይም ፈረስ ላይ መውጣት አለበት። ፈረሰኛ ሸክም ቢበዛበትም ይጓዛል። ደግሞም ጉዞው ለተጫዋቹ የዐይን ጥቅሻ ቢመስለውም፥ በጨዋታው ዓለም ሰዓቱ ይቈጠራል። ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት በእኛ አቈጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነውና፥ ሊሸጥ ወይም ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሌሊት እንዳይደርስ አስቦ ይነሣ።

ለጀማሪ የሚጠቅመው ሠረገላ ነው። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ተጫዋቹ በሪቨርውድ መንደር በኩል አድርጎ ወደ ኋይትረን ከተማ በእግሩ ይሂድ። በከተማዪቱ ደጅ፥ ከፈረሶቹ በረት አጠገብ ሠረገላ ቆሞ ያገኛል። ሠረገላው ዐይቶት ወደማያውቀው ከተማ ሳይቀር ያደርሰዋል። ዋጋው ወደ ትልልቆቹ ከተሞች 20፥ ወደ ትንንሾቹ የግዛት ከተሞች 50 የወርቅ ሳንቲም ነው። አንድ ጊዜ ከደረሰ በኋላ ከተማው በካርታው ላይ ነጭ ይሆንለታል፤ ሁለተኛ ሲሄድ ኪራይ አያስፈልገውም።

ለጉርድ ሾላ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፥ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች በተዘረጋው መሥመሩ ላይ ለጉርድ ሾላ ሁለት ጣቢያዎች ሰጥቷታል። ተሳፋሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይደርሳል፤ በመካከሉ ያለውን ግን በመስኮት ብቻ ያያል። በስተሰሜን በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸው ዋሻ ሚካኤል በባቡር መስኮት አይታይም። እርሱን ለማየት ሽቅብ መውጣት ግድ ነው። በስካይሪምም እንደዚሁ ነው፤ ፍርስራሹ፥ ዋሻው፥ በመንገድ ዳር የሚያጋጥመው መንገደኛ፥ ሁሉም የሚገኙት በእግር ለሚሄደው ነው። ስለዚህ ሲሄዱ በእግር፥ ሲመለሱ በካርታ ማለት ጥሩ ደንብ ነው።

ወደ ዓሣው እንለፍ። በመጀመሪያው ስካይሪም ዓሣ በውኃ ውስጥ ቢኖርም፥ በመንጠቆ ማጥመድ አልነበረም። ይህ የተጨመረው ጨዋታው 10ኛ ዓመቱን ባከበረበት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ወደ ሪፍተን ይሂድ፤ በሐይቁ ዳር፥ ከወደቡ ላይ የዓሣ አጥማጆች ቤት አለ። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ዘንግ ከተገኘ በኋላ በየውኃው ዳር የማጥመጃ ዕቃ የተቀመጠበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ በሌላ ቦታ መንጠቆ መጣል አይቻልም።

መንጠቆው ከተጣለ በኋላ ዓሣው በመጀመሪያ ነካ ነካ ያደርጋል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘንጉ ትንሽ ሲነቃነቅ ደንግጦ ይስባል፥ ዓሣውም ያመልጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን? ዘንጉ ጎበጥ እስኪልና ጆይስቲኩ በእጅ ውስጥ በኀይል እስኪንቀጠቀጥ መጠበቅ፥ ከዚያ ሳይዘገዩ መሳብ ይገባል። የሚያዘውም ዓሣ እንደ ውኃው ይለያያል፤ የወንዙ ሌላ፥ የሐይቁ ሌላ፥ የበረዶው አገር ሌላ፥ የዋሻው ውኃ ሌላ ነው። በጠራ ሰማይ የማይገኝ ዓሣ በዝናም ይገኛል። ስለዚህ የሚፈልገውን ያጣ ሰው አየሩ እስኪለወጥ ይጠብቅ። አንዳንድ ጊዜም በዓሣ ፈንታ አሮጌ ዕቃ ወይም ውድ ነገር ይወጣል።

ይህን የፈጠሩት ሰዎች ከእውነተኛው አጥማጅ የተማሩ ይመስላል። በጣና ሐይቅ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የሚቀመጠው አጥማጅ ቆሮሶና አምባዛ የሚገኙበትን ውኃ ለይቶ ያውቃል። በክረምት ወንዞች ሲሞሉም በጣና የሚኖሩ የባርበስ ዓሦች እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ዝናም ዓሣን እንደሚያንቀሳቅስ ለእርሱ የሚነግረው አያስፈልገውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በስካይሪም ውኃ ውስጥ የሚናከስ ዓሣ ስላለ፥ ማጥመድ የፈለገ ሰው ከዳር ይቁም። እየዋኘ ሳለ ይህ ዓሣ ከተከተለው በካርታ ማምለጥ አይችልም፤ ጠላት በአቅራቢያ አለና።

ሁለቱን ዘዴዎች በአንድ ሰዓት ለማዋል የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። በእግር ኋይትረን ይድረስ፤ በ20 ሳንቲም ሠረገላ ወደ ሪፍተን ይሂድ፤ ዘንግ ይያዝ፥ ያጥምድ፤ ሲበቃው በካርታ ወደ ኋይትረን ይመለስ። በዚህ ከተለማመደና ከበድ ያለ ፈተና ከፈለገ በ2010 ዓ.ም. የወጣውን ሕይወትን የማቆየት ደንብ ይሞክር። በዚያ ደንብ ብርድና ረኀብ ሰውየውን ያጠቁታል፤ በካርታ ፈጥኖ መጓዝም ይከለከላል። የሚቀረው እግር፥ ፈረስና ሠረገላ ነው፤ ያን ጊዜ የተጠመደ ዓሣ ራት ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ቁም ነገር ለቢሮም ለትምህርት ቤትም ይሠራል። በመዝገብ ቤት የተመደበ ወጣት ጸሐፊ መደርደሪያዎቹን አንድ ጊዜ በእጁ ከዳሰሰ፥ አለቃው ፋይል በጠየቀው ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያመጣል። ሰው ዐይቶት ፈጣን ነው ይለዋል፤ ፍጥነቱ ግን የመጣው ከቀድሞው ዝግታ ነው። ምዕራፉን ያነበበ ተማሪም በፈተና ጊዜ መልሱ ያለበትን ያውቃል፤ ያላነበበው በጥቁር ምልክት ላይ ጣቱን እየጫነ ይቀራል።

በመጨረሻ፥ በኪራይ ቤት የሚጫወት ሰው ሰዓቱ ከመሙላቱ ከ5 ደቂቃ በፊት የደረሰበትን በራሱ ስም መዝግቦ ያስቀምጥ። መብራት ሊጠፋ፥ ሌላውም ተጫዋች በላዩ ላይ ሊመዘግብበት ይችላል። ከመዘገበ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ዓሣው በሐይቁ ውስጥ ይቈየዋል፥ የነገው ትምህርትና ሥራ ግን አይቈይም።